ለትብለጥ ሥራ ሽማግሌ ይዤ የሄድሁ ጊዜ

ሐረጉዬ፣ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። በሞት ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለት ክረምት ወጣ። ልጃችን ትብለጥ ልጻፍልዎ ብትለኝ እንቢ አልኋት። ፊደሌ ጠማማ ቢሆንም የባልና የሚስት ወሬ በሰው እጅ አይጻፍም። ግትር ነህ ትይኝ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ቤቱ ደኅና ነው። አንቺ የመረግሽው የጓዳ ግድግዳ ረግፎ እኔው መረግሁት። እንዳንቺ አልለሰለሰም፣ ግን ይዟል። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወልዳለች። ማሽላውም ከአምናው ይሻላል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ትብለጥ ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ ተመረቀች። የሰው እናት ሁሉ እልል ሲል እኔ ዝም ብዬ ቆምሁ፤ እልልታው ያንቺ ድርሻ ነበር።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ መጣ። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሰቆጣ ትሄዳለች፣ ትፈተናለች፣ ስሟ ሳይለጠፍ ትመለሳለች። መጀመሪያ ላይ ስትመለስ ታወራኝ ነበር። ኋላ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት አመጣች። ጎረቤቱም አያርፍ፤ ያን ሁሉ ተምራ የአባቷን ፍየል ልትጠብቅ ኖሯል ይላል። አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰለሽ? አባዬ፣ ከእንግዲህ አልፈተንም፤ ከጓደኞቼ ጋር በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር እሄዳለሁ አለችኝ። ያ መንገድ የበላቸውን የአገራችንን ልጆች አንቺም አልቅሰሽላቸዋል።

ያኔ አባትሽ ትዝ አሉኝ። አንቺን ብዬ ሽማግሌ ብልክ መጀመሪያ ሳያስቀምጡ መለሷቸው። በሁለተኛው ልጄ ገና ናት አሉ። በሦስተኛው ሰጡኝ። ለካ ልባቸው ቀድሞ ፈቅዶ ነበር፤ ገና ሲጠየቅ እሺ ያለ ልጁን አቀለላት ስለሚባል ነው። እኔም የሰቆጣው የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት እንቢ ያለው ለወጉ ይሆናል፣ ደጅ መጥናት ያላወቅን እኛ ነን አልሁ። ለትብለጥ ሳልነግራት ሽማግሌ እንዲሆኑኝ መምሬ ወልዱንና አያ ሞላን ይዤ ሁለት ጊዜ የመለሳት መሥሪያ ቤት ገባሁ።

ሹሙ ልጅ እግር ነው። ሦስታችን በትራችንን ይዘን ብንቆምበት ደንግጦ ተነሣ። ተቀመጡ ቢለን መምሬ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አያ ሞላም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጃችንን ትብለጥን ለቤታችሁ ልንሰጥ መጥተናል አይል መሰለሽ! ሹሙ ላብ ላብ ብሎት፣ አባቶቼ፣ እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ አለ። በር ላይ የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅሁም። ስለ ሥራ ነው የመጣነው፤ ሁለት ጊዜ መልሳችኋታል፤ ጉድለቷን ሳትነግረን አንወጣም አልሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ የፈተናዋን ወረቀት አስፈልጎ አየ። አባቴ፣ ሥራ በፈተና እንጂ በሽማግሌ አይሰጥም አለኝ። የጽሑፉን አልፋለች፤ የቃሉን ስንጠይቃት ግን መሬት መሬት እያየች በሹክሹክታ መለሰችልን፤ የማታውቀው መሰለን አለ።

በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ እኔና አንቺ ያስተማርናት ጨዋነት ነው። እዚያ ግን አለማወቅ ሆኖ ተቆጠረባት።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ ትብለጥ አዋረዱኝ ብላ አለቀሰች። እኔም አባትሽ ነኝ፣ ለሌላ ሰው አልሄድሁም አልኋት። በማግሥቱ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና፣ እኔ ሹሙ ነኝ፤ ስለ ፍየል በሽታ ንገሪኝ፣ ዓይኔን እያየሽ አልኋት። አልፈልግም አለች። እንግዲያስ እኔም አልነሣም አልሁ። ፍየሎቹ ሳይሰማሩ እስኪረፍድ ተቀመጥሁ። ኋላ ሳቋ አመለጣትና ጀመረች። ዓይኗ እየሸሸ መሬት ይወርድብኛል፤ ቀና በይ እላታለሁ። እንዲህ ስንል ሰንብተን ድምጿ እስከ አጥሩ ይሰማ ጀመር። አንድ ቀን የፍየል ሳንባ በሽታ በጭስ ይድናል ብላት፣ ትክ ብላ እያየችኝ፣ የለም አባዬ፣ ተሳስተዋል አለችኝ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለኝ ካንቺ በቀር ማንም የለም። ልቆጣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ዛሬ ሌላ ማስታወቂያ ወጥቶ ልትፈተን ሄደች። ይቀበሏት እንደሆን አላውቅም፤ ባይቀበሏትም እንደገና እፈተናለሁ ብላኛለች። የዓረብ አገሩን ነገር ካነሣች ቆየች። ስትወጣ አንገቷን አልደፋችም፤ ፊት ለፊት አይታኝ ደኅና ዋሉ አባዬ አለችኝ። ሐረጉዬ፣ ዓይኗ ያንቺ ነው ለካ። አቀርቅራ ስላደገች እስከ ዛሬ ልብ አላልሁትም ነበር። እንግዲህ እሷ ቀና ባለች ቁጥር አንቺን አያለሁ፤ እሷም እንዳታቀረቅር እኔ አለሁ።

ባልሽ