ስለ ዓምዶቹ እግር ያልነገርኩህ

ውድ ወንድምጋሼ፣

ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንተ ምድር ቤት፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ እየኖርን ምን ያጽፈኝ ነበር? ከሥር ሆነህ "ኢንጂነሯ! ሻይ ፈልቷል!" ብለህ ትጮሃለህ፣ እወርዳለሁ። ልብህ ቀጥ ካለች አምስት ወር ሆነ፤ ጆሮዬ ግን ዛሬም ያንን ጩኸት ይጠብቃል።

አብረን የሠራነውን የዚያን መጋዘን ነገር ልናዘዝልህ ነው። አንተ የብረት ዓምዶቹን ስትበይድ እኔ በኮምፒውተር ንፋስ አስነፍስባቸው ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ የሠራሁት የመጋዘኑ ሞዴል የዓምዶቹ እግር ከመሠረቱ ጋር እንዴት እንደተያዘ ይጠይቃል፤ "ፈጽሞ አይነቃነቅም" የሚለውን መረጥኩ። ብዙዎቻችን እንደዚያ እናደርጋለን፣ ሥራ ያፈጥናል። አንተ የመጀመሪያው ዓምድ እንደቆመ በትከሻህ ገፋ አድርገኸው ጠራኸኝ።

"ይቺ እግር ትላወሳለች" አልከኝ። "ከሥሯ ያለችው ብረት ስስ ናት፤ አራቱ ቡሎኖችም መሀል ላይ ተፋፍገዋል። ንፋስ ከጎን ከመጣ ተረከዟን ታነሳለች፣ ብያለሁ!"

"ጋሼ፣ አንተ ብየዳህን በይድ፤ ስሌቱን ለእኔ ተወው።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንተም አብረህ ሳቅክ።

ንፋሱ የመጣ ቀን መጋዘኑ ወደ ጎን ተጋደመ፤ ጥበቃው እግሩን አጣ። መርማሪዎቹ የዓምዶቹ ሥር ብየዳ ተሰንጥቆ ስላገኙት "የበያጁ ጥፋት ነው" ብለው ጻፉ። እኔ በሳምንቱ ሞዴሉን ከፍቼ፣ እግሮቹ አንተ እንዳልከው እንዲላወሱ አድርጌ እንደገና አሰላሁት። ዓምዶቹ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ዘመሙ። ስሷ ብረት ተጣመመች፤ ብየዳህን የቀደደችው እሷ ነበረች። ኮምፒውተር የነገሩትን ያምናል፤ ያልሆነውን የነገርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ደጃፍህ ላይ ቁጭ ብለህ ጠየቅከኝ።

"ኮምፒውተሩ ምን አለ?"

"ደህና ነው ይላል" አልኩህ።

እጆችህን ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ አየሃቸው። "እንግዲያው እጄ ነዋ! አርጅቻለሁ ማለት ነው።"

የሙያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ብፈልግም አላገኘሁም። ከዚያ ወዲያ የብየዳ መነጽርህን አላደረግክም። የጎረቤት በር ሲገነጠል እንኳ "ሌላ ሰው ፈልጉ፤ የእኔ ብየዳ ሰው ይጎዳል" ስትል በመስኮት ሰምቼሃለሁ፤ ሰምቼም መስኮቱን ዘጋሁት። ጥበቃው ቤት ሄደህ ይቅርታ መለመንህን የነገሩኝ ከቀበርንህ በኋላ ነው።

ዛሬ ስሌቱን ለአለቃዬ አሳየሁት። "ሙት አይከሰስ! ፋይሉም ተዘግቷል፤ ምን ያነካካሻል?" አለኝ። ጥዬው ወጣሁና ፈርሜ ለመርማሪዎቹ ሰጠሁ። አንዱን ቅጂ ለሚስትህ ይዤላት ሄድኩ። በጥፊ ብትለኝ በወደድኩ። እሷ ግን ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"እሱ ይህን ሰምቷል?" አለችኝ።

"አልሰማም።"

"እንግዲያው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ጋሼ፣ እጅህ አልነበረም። ፈቃዴን ይውሰዱት፣ ግድ የለኝም። አንተ ግን "ጥፋተኛ ነኝ" እንዳልክ ሞተሃል። ይቅር በለኝም አልልህም።

እያወቀች ዝም ያለችህ፣
ታናሽ እህትህ