ጭስም ወፍም የሌለበት ጉብኝት

ለተከበሩ የጭስ አልባ ጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቢሮም ይሁኑ መስክ፣ ካሉበት ይድረስዎ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በየመድረኩ ስለ ንጹሕ አየር ሲናገሩ የሚደክመው ጉሮሮዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደኅና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ አይደለንም ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ትልቅ ሰው ማስደንገጥ ነውር ነውና ነገሩን በየተራው ላምጣው።

እኔን አያውቁኝም፤ ባለቤቴን ግን ያውቁታል። በጽሕፈት ቤትዎ ስም እንግዶችን በእግር እየመራ ወፍ የሚያሳየው አስጎብኚ እሱ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ረግረጉ ጥግ ላይ ነው፤ የስፌት መኪናዬ በመስኮቱ ሥር ስላለች ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ውኃና ሣር ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአደባባይ መጻፌም ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ አስቀድሜ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ መስክ ወጥተዋል አለችኝ። መስክ ስደርስ ሾፌርዎ ቢሮ ገብተዋል አሉኝ። ምናልባት መንገድ ላይ እንገናኛለን ብዬ በእግሬ ተመላለስኩ፤ እግረ መንገዴንም ምንም ጭስ እንዳላወጣሁ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ከእንግዶችዎ ጋር ችግኝ ሊተክሉበት ባሰቡት የረግረጉ ጥግ ላይ ሁለት ወፎች በየተራ እንቁላል ታቅፈዋል። እኛ ቤት ባለጉትዬ እንላቸዋለን፤ ረጅም እግር፣ ረጅም አንገት፣ ራሳቸው ላይ ደግሞ ወርቅማ ጉትዬ አላቸው። ድሮ ረግረጉን የሞሉት ወገኖቻቸው ሁሉ ሄደዋል፤ የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ተከላውን ሌላ ቦታ ያድርጉልን ነው የምለው። ይህችን ብዬ ፊርማዬን ባኖር በቂ ነበር፤ ግን እጄ አላርፍ ብሎኛል። ከጠዋት ጀምሮ አንዱን እጅጌ ገልብጬ እየሰፋሁ እየተረተርኩ ነው፤ ጨርቁ ከእኔ ይልቅ ይታገሣል። ስለዚህ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በቁጥር አድርጌ ላቅርብ፤ እናንተ ቢሮ ቁጥር የሌለው ነገር አይነበብም ብለውኛል።

አንደኛ፤ እንግዶች ከመናኸሪያው እስከ ረግረጉ በእግራቸው እንዲሄዱ፣ ምሳቸውም እሳት ያልነካው እንዲሆን ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ጽሕፈት ቤቱ ሳይቋቋም በፊትም የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ግን ስሙ መኪና ማጣት ነበር። ዛሬ እንግዶቹ በፊት ለፊት በእግር ሲሄዱ፣ ሻንጣቸው፣ የሚቀመጡበት ወንበር፣ ፎቶ አንሺው፣ የፎቶ አንሺው ረዳትና ክቡርነትዎ ረግረጉ አጠገብ ባለው ጉብታ ጀርባ በመኪና ትመጣላችሁ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ሾፌርዎ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሞተሩን ለምን እንደማያጠፉት ብጠይቃቸው፣ እርስዎ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ እንዳይሞቅዎት ማቀዝቀዣውን ከፍተው መጠበቅ እንዳለባቸው በትሕትና አስረዱኝ። ስለ ምድር መሞቅ ተናግረው ሲመለሱ ላብ ቢያጠምቅዎ እኛም ደስ አይለንም።

ሁለተኛ፤ የእንግዶቹን ሰደርያ እንድሰፋ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ብርቱካንማ ቀለሙን የመረጡት እርስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ ከሩቅ እንዲታይ። ታይቷል። ጀርባው ላይ ምድርን አልጎዳም የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ወፎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ገና ጉብታው ላይ ብቅ ሲባል ብድግ ብለው ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ እባክዎን ካልተቀመጡ ይቀመጡ።

በአውሮፕላን የመጣ እንግዳ ያወጣውን ጭስ በችግኝ ይክስ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ባለቤቴ ደስ ብሎት ነበር። ማን ዛፍ ይጠላል? ቦታው የት እንደሆነ እስኪሰማ ድረስ ነው እንጂ። እርስዎ ባዶ መሬት ያሉት ያ ሣር ባዶ አልነበረም። መሬት ላይ የምትታቀፍ ወፍ የሚመጣባትን ከሩቅ ካላየች ሆዷ አያርፍም፤ ዙሪያዋ ሜዳ መሆን አለበት። የተከላችሁት ባሕር ዛፍ ሲያድግ ውኃውን ጠጣው። ጫፉ ደግሞ ለጭልፊት ሰገነት ሆነ፤ ጭልፊቱም እላዩ ተቀምጦ ጫጩት እየመረጠ መልቀም ጀመረ። ወፎቹ ከተተከለው ወዳልተተከለው፣ ካልተተከለው ወደ ቀረችው ጥግ እየሸሹ መጡ። እናንተም ከኋላ ከኋላቸው እየተከላችሁ መጣችሁ።

ባለቤቴ ይህን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ተናግሯል። እርስዎም ከመቼ ወዲህ ነው ዛፍ የሚጠላ ወፍ የታየው ብለው መለሱለት፤ አዳራሹ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ገብቶ ለእኔም እየሳቀ ነገረኝ፤ ከዚያ ራቱን ሳይነካ ተነሣ። እኔ ግን ያን ቀን መሳቅ አልቻልኩም፤ ተናደድኩ፤ አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

አሁን እንግዶች አቅርቦ ማያ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በባሕር ዛፍ መሐል ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይውላሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ባለፈው አንዲት አሮጊት እንግዳ ባለቤቴን እጁን ይዘው፣ ልጄ፣ ወፎቹ ዛሬ የዕረፍት ቀናቸው ነው እንዴ ብለው ጠየቁት።

አራተኛውን ልጽፍ ስል ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። የሴቷ ባለጉትዬ አንገት ከሣሩ በላይ ይታያል፤ ተመስገን። ተመልሻለሁ።

አራተኛ፤ ወፍ ሲጠፋ ወፍ ከመመለስ ይልቅ ድምፅ ማጉያ በመላክዎ አደንቅዎታለሁ። እንግዳው ባዶ እጁን እንዳይመለስ አስጎብኚው የወፍ ድምፅ ከስልኩ በማጉያው እንዲያሰማ ታዘዘ። መጀመሪያ በተሞከረበት ቀን ወንዱ ባለጉትዬ ሰፈሬን ማን ደፈረው ብሎ ከጎጆው እየሮጠ መጣና በማጉያው ዙሪያ ክንፉን ዘርግቶ ሲፎክር ዋለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ባትሪው አልቋል ይላል። ባትሪው አላለቀም፤ ይህን የምጽፈው እሱ ሳያውቅ ነውና አደራ እንዳያጋልጡት። ቢያጋልጡትም በአደባባይ ስለጻፍኩት ጥፋቱ የእኔ ነው።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ የቤቴ ነገር ነው። ባለቤቴ እንደ ድሮው አይደለም። ማለዳ ሳይነጋ ጎጆውን ለማየት ይሄዳል፤ ማንም እንዳይከተለው በየቀኑ መንገድ ይቀያይራል። ቤት ሲሆን ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጫማውን አስሮ ይፈታል። አንድ ቦታ ተቀመጥ እንጂ ስለው ተቀምጫለሁ እኮ ይለኛል፤ ቆሞ። እኔም ከእሱ ተጋብቶብኝ መርፌው ጣቴን እየወጋኝ ነው። ቅዳሜ እንግዶቹን ወደዚያች ጥግ የሚመራው ራሱ እንዲሆን ታዟል። እሺ ቢል ወፎቹን በገዛ እጁ ያባርራል፤ እምቢ ቢል የሥራ ፈቃዱ ያለው በእርስዎ መሳቢያ ነው። ትናንት ስንጨቃጨቅ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለኝና ወጣ። በራሱ ላይ እንዲህ ሲተርት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ፈርቻለሁ። የወፎቹ ነገር ያስፈራኛል፤ የእሱ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይሁንና፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ያለው ጉብታ ራቁቱን እንደቆመ ላስታውስዎ። ንግግር የሚያደርጉበት ጠፍጣፋ ቦታ አለው፤ ለፎቶም ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ከቢሮዎ በር በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ሾፌርዎም ለአንድ ቀን ያርፋሉ። እዚያ የፈለጉትን ያህል ይትከሉ። እኔም መጥቼ ውኃ አጠጣለሁ፤ ባለቤቴም ይመጣል፤ ሰደርያውንም እንለብሳለን። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እግር እስኪያወጡ ብቻ ያችን ጥግ ይርሱልን። ብዙ ነገር ሲረሱ አይተናልና ይህ እንደማይከብድዎ አምናለሁ።

ለንጹሕ አየር ሲሉ መስኮትዎን ዘግተው ለሚደክሙት ድካም ሁሉ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ መንገድዎ ሁሉ ጥላ፣ ጥላዎ ሁሉ ቀዝቃዛ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

ትእዛዝዎን በሰዓቱ ሰፍታ የምታስረክብዎ፣
የአስጎብኚው ሚስት፣ ከረግረጉ ጥግ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ደብዳቤውን ልለጥፈው ይዤ ልወጣ ስል ባለቤቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ለካ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ለቅዳሜ እንዲደርስ ብለው ዛሬ ከቀትር በፊት በወዲያኛው በኩል ገብተዋል። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጎጆውን አግኝተው እንቁላሎቹን አልነኩም፤ እንዲያውም አንደኛው ማንም እንዳይረግጣቸው ብሎ ዙሪያውን ካስማ ተክሎ ቀይ ጥብጣብ አስሮበታል። ጥብጣቡ በነፋስ ይርገበገባል። ወፎቹ ከሩቅ ቆመው ሲያዩት ዋሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። ባለቤቴ ጥብጣቡን ፈትቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀ፤ አልተመለሱም። እንቁላሎቹን ዳሰሳቸው፤ ቀዝቅዘዋል። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ስንት ቀን ተቀመጥ ስለው የነበረ ሰው፣ አሁን ተነሣ ብለው አይነሣም። እንግዲህ የቅዳሜው መርሐ ግብርዎ የሚያሰናክለው ነገር የለም፤ ቦታው አሁን በእውነት ባዶ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ባለቤቴ እንደማይመጣ እንድነግርዎ አዞኛል። ሌላ አስጎብኚ ይፈልጉ፤ የሚታይ ነገር ስለሌለ ማንም ይችለዋል።