የዓርብ ኬክ

ነሐሴ 2፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ኩፍ አላለም። መሃሉ ሰምጦ፣ ዳር ዳሩ ደርቆ ቀረ። አቡ ዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ ቀኑን ሙሉ ለሆቴል እንግዳ ፈገግ ስል ውዬ፣ ቤቴ ስገባ አንድ ኬክ ያስለቅሰኛል። ባለቤቴ የሰመጠውን አይቶ ሾርባ ልናደርግበት እንችላለን አለ።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እታለም፣ ታላቅ እህቴ፣ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው። በረራዋ ነሐሴ 13። ዕድሜዋን አል አይን ከተማ አንድ ቤት የሰው ልጆች ስታሳድግ ኖረች፤ ልጆቹ አደጉ፣ ኸላስ፣ በቃ። ሽኝት ልደግስልሽ ብላት በፍልሰታ ምን ድግስ አለ ብላ ተቆጣች። ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ያንን ኬክ አለችና ሳቀች። ይሸጥበት የነበረው ሱ/ማርኬት ከተዘጋ ስንት ጊዜው።

እሷ ቀልዳ ነው። እኔ ግን አምርሬያለሁ።

ነሐሴ 4፣ ማታ

መልኩ እንዳይጠፋኝ ልጻፈው። ቢጫ፣ አራት ማዕዘን። መሃሉ ቀይ ማርማላታ፣ ላዩ ላይ ኮኮናት። በፕላስቲክ ሳጥን። ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ወረቀት፣ በእንግሊዝኛ፦ እንቁላል የለበትም።

ያኔ የእታለም ዕረፍት ዓርብ ብቻ ነበር። ዓርብ ደግሞ ጾም። በሳምንት አንዴ ከቤት ትወጣለች፣ የምትወጣውም ምንም በማይበላበት ቀን። ከዚያ አንዷ ሐበሻ ያንን አረንጓዴ ወረቀት አየች። የጾም ኬክ ተገኘ ተባለ፤ ወሬው አል አይንን አዳረሰ። ዓርብ ከሰዓት ሰናይያ፣ ጋራዥ ሰፈሩ፣ አጠገብ ያለው ሱ/ማርኬት በእኛ ሰው ይሞላል። እታለም ውጭ አግዳሚው ላይ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑ አይነካም። እኔ ገና ከአገር የመጣሁ ጊዜ፣ ካፍቴሪያ ዕቃ ሳጥብ ሰንብቼ ስመጣ፣ ትልቁን ቁራጭ ለእኔ ታደርግና ፍርፋሪውን በጣቷ ትለቅማለች። አልራበኝም ትለኛለች። ይርባታል።

ዛሬ የሶዳ ውሃና ኮምጣጤ ጨመርኩበት። ኩፍ አለ! ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ሁሉም የጾም። መልኩ ቁርጥ ያ። ቀመስኩት። ያ አይደለም። ልጄ ሶልያና (ሶሊ)፣ ስድስት ዓመቷ፣ ጥሩ ነው ግን ዳቦ ዳቦ ይላል አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። ልክ ናት።

ነሐሴ 6

አል አይን ሄድኩ፣ ሻንጣ ላግዛት። ሱ/ማርኬቱ ልብስ ማጠቢያ ሆኗል። አግዳሚዋም የለች።

እታለም ዛሬ ከፍቷታል። ልብሷን ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጥፋለች። ማዳም መልካም ሴት ናት፣ ወርቅም ሰጥታታለች። እሱ አይደለም ነገሩ። እኔ አገሬ ገብቼ ማን ነኝ አለችኝ። የሰው ልጅ ከማሳደግ ሌላ የማውቀው የለም፣ ከዚህም የእኔ ነው ብዬ የማነሳው አንድ ነገር የለኝም። እታለም እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እኔን ያመጣችኝ፣ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እኔ ሳለቅስ እሷ ናት የምትቆጣኝ።

አውቶቡስ ውስጥ እስከ አቡ ዳቢ አለቀስኩ። ያንን ኬክ ሳትበላ አትሄድም። ደደብ ሐሳብ ነው፣ አውቃለሁ። ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ነሐሴ 8፣ ጠዋት



ባለቤቴ (ጾም ላይ ሰነፍ ነው) ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ ሊያፈላ ጣፋጩን የቆርቆሮ ወተት ከፈተ። ሽታው መጣ። አጠገቡ ነበርኩ። ቆርቆሮውን ቀምቼ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት። አግዳሚዋ፣ ሙቀቱ፣ የእታለም ጭን፣ ሁሉም መጣ። ያ ኬክ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ዘለልኩ። ከዚያ ገባኝ።

እንቁላል የለበትም ይላል ወረቀቱ። ወተት የለበትም አይልም። እንቁላል ለማይበሉ ሕንዶች የተሠራ ኬክ ነው፤ እኛ ነን ጾም ነው ብለን ያወጅነው። ያን ሁሉ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀን፣ አማትበን፣ ወተት በላን። እታለም! ለልጆቹ የሠራችውን ወጥ ጨው እንኳ የማትቀምሰው እታለም።

ከሆቴሉ ሦስት ጊዜ ተደወለልኝ፣ አላነሳሁም። አርፍጃለሁ።

ነሐሴ 9

በወተቱ ጋገርኩት። መቅመስ አልችልም፤ የሚያስታውሰው ምላስ የእኔ ነው፣ የእኔ ምላስ ደግሞ ጾም ላይ ነው። ሶሊ ሁለት ቁራጭ በልታ ሦስተኛ ጠየቀች። ቤቱ ዓርብ ዓርብ ሸተተ።

ባለቤቴ አትንገሪያት ይላል። ሳታውቅ በልታ ኖራለች፣ ሳታውቅ አንዴ ትብላ፣ ደስ ብሏት ትሂድ። ልክ ይመስላል። ከምሽቱ ጀምሮ እያሰብኩት ነው። እሷ ትስቃለች፣ እኔ አያታለሁ፣ ማንም አይጎዳም።

ግን ያኔ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። አሁን እኔ አውቃለሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትጎርስ ማየት አልችልም። ከነገርኳት ደግሞ እዚህ አገር አላት የምለውን አንድ ጣፋጭ ነገር ነጠቅኳት ማለት ነው። ልደውል ብዬ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት።

ነሐሴ 11

ነገርኳት።

 መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው። ከሰዓቱን ሙሉ አልደወለችም። በገዛ አፌ ሽኝቷን አበላሸሁት አልኩ። ኬኩን ልጥለው ተነስቼ፣ ሶሊ ከለከለችኝ።

ማታ ደወለች። ድምጿ ጎርንኗል፤ አልቅሳለች። ለንስሐ አባቷ አዲስ አበባ ደውላ ነግራቸው ኖሯል። ሳቁ አለች። እሳቸው ሲስቁ እሷም ሳቀች። ሳታውቂ ነውና እግዚአብሔር ይቅር ይላል፣ ትንሽ ስገጂ ብለዋት፣ ግማሹ ስግደት ያንቺ ነው አለችኝ፣ አንቺ ነሽ ትልቁን ቁራጭ የበላሽው።

ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "እሱ ያውቃል፣ ሚጣዬ። ዓርብ ሌላ ምን ነበረኝ?"

አሁን ትዕዛዝ አለ። በወተቱ ጋግሪው፣ እንደ ጥንቱ። ግማሹን በእጄ ይዤው እገባለሁ። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ አንቺ እዚያ እኔ እዚህ አብረን እንቆርሳለን። እሺ አልኩ። እንዲህ ስታዝዘኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ነሐሴ 13

ሸኘኋት። ሻንጣዎቹን አስረከበች፣ የኬኩን ሳጥን ግን ለማንም አልሰጠችም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ልክ እንደ ድሮው። አየኋትና ፊቴን አዞርኩ።

ስትገባ ዞራ አላየችም። ኬኩን እንዳታጋድል ነው፣ ብዬ ለሶሊ ነገርኳት። ለራሴም።

ነሐሴ 16፣ ጠዋት

ከቅዳሴ መልስ ነን፤ አቡ ዳቢ ቤ/ክ እግር መርገጫ አልነበረም። ሳህኑ ቀረበ። እታለም በቪዲዮ መጣች፤ ከኋላዋ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ሳጥኑ ጥጉ ተጨፍልቋል፣ ኬኩ ደህና ነው። አንድ ላይ ቆረስን፣ አንድ ላይ ጎረስን።

ያ ነው። ደብተሬ፣ ያ ነው። እሷ ዓይኗን ጨፍና አኘከች። ከዚያ ፍርፋሪውን በጣቷ መልቀም ጀመረች። ዛሬ ትልቁ ቁራጭ የእሷ ነበር፣ አሁንም ፍርፋሪ ትለቅማለች።

አንዷ ጎረቤት ይሄን ከየት ነው የምንገዛው አለች። እታለም ቀና አለች። ከእኔ አለች። እኔን አላማከረችኝም። መንደሩ ውስጥ ኬክ የሚሸጥ የለም፣ ምድጃ እገዛለሁ፣ አሠራሩን ዛሬውኑ ንገሪኝ። ሳጥኑ ላይ ምን እንጻፍ አለችኝ። እንቁላል የለበትም አልኳት። "ከሥሩ በትልቁ ጨምሪ፤ ወተት አለው፣ ዓርብ አይበላም" አለችኝ። ጎረቤቶቹ ለምን እንደምንስቅ አልገባቸውም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሐሳብ ገባኝ። ዛሬም ዓርብ ብቻ የሚወጡ እህቶች ይኖራሉ፤ እዚህም እዚያም። ያ ዳቦ ዳቦ ያለኝ የሶዳ ውሃ ኬክ መልኩ ጥሩ ነበር፣ የጎደለው ጣዕም ብቻ ነው። ወስኛለሁ፤ እስኪሆንልኝ እጋግራለሁ፣ ሲሆንልኝ ለእታለም እልክላታለሁ። በወተቱ ፈንታ የኮኮናት ወተት ቢገባ? ዘይቱን ቀንሼ፣ ስኳሩን አስቀድሜ አቅልጬ፣ ከዚያ

ሶሊ የመጨረሻውን ቁራጭ ልትወስድ ነው፣ መጣሁ