ጣና ያጠበው ጭምብል

ማክሰኞ

ወገቤ ተቆርጧል። ቀኑን ሙሉ የጀልባ ሳንቃ ስጠርብ ዋልሁ። ይህን የምጽፈው በጎኔ ተጋድሜ ነው። የማታ ትምህርት ከጨረስነው ውስጥ ተጋድሞ የሚጽፍ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ጋሽ ታደለ መጡ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ምዕራብ አፍሪካ መንገድ ሲሠሩ የእንጨት ጭምብል ሰብስበው፣ ዛሬ የቤታቸው ግድግዳ ሁሉ ፊት ነው። አንዱን በነጠላ ጠቅልለው አመጡ፤ ተዋጊ ለጦርነት ሲወጣ ያጠልቀው የነበረ ነው። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ተሰንጥቋል።

«ስንጥቁን ብቻ ዝጋልኝ ሰይድ። ሌላ ነገር እንዳትነካብኝ። ቅዳሜ ኮሌጅ ለተማሪዎች ይታያል።»

«ጋሼ፣ እኔ ጉማሬ የነከሰው ጀልባ የጠገንሁ ሰው ነኝ።»

ጉማሬው አልነከሰውም፣ ገፋው እንጂ። እዚህ ደብተሬ ላይ እንኳ ልዋሽ ብል ደከመኝ።

ረቡዕ

ጭምብሉ ያስፈራል፤ ያምራልም። ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ተቀብቷል። ባለቤቴ ዘሀራ ዘንቢል ደፋችበት። ምነው ብላት፣ «እያየ ዝም ይላል፤ አንተን አይመስልም» አለችኝ።

ሙጫ አሰብሁ፤ ተውሁት። በጋ ደርቆ የተሰነጠቀ ጀልባ ውሃ ውስጥ ይተኛል። እንጨቱ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርግ። ጭምብሉን ሐይቁ ዳር አስጥሜ ድንጋይ ጫንሁበት። ሐይቁ ይሥራ፣ እኔ ልረፍ።

ሐሙስ

ገጠመ! ጥፍር አያስገባም። ለጎረቤቱም፣ መረብ ለሚጠግኑትም አሳየሁ።

ዘሀራ ግን፣ «ነጩስ?» አለች።

ነጩ የለም። ለካ ቀለም ሳይሆን አፈር ኖሯል። ኖራ ልቀባው በጠበጥሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እስካሁን ያሰብኋቸው ውሸቶች፦ ዝናብ መታው። ድመት ላሰችው። ሲመጣም እንዲህ ነበር።

አንዱም ጋሽ ታደለ ፊት አያልፍም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ተሸክሜው ሄድሁ። ጋሽ ታደለ ብርሃን ላይ አዙረው አዩት።

«ምን አደረግኸው?»

«ሐይቅ ውስጥ አሳደርሁት።»

ቁጭ አሉ። ነጩን ተዋጊው ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ ለጦርነት ሲወጣ እንደቀባው ነገሩኝ። የተዋጊው ልጅ ጭምብሉን ሲሰጣቸው «የአባቴ ጣት አለበት» ብሏቸዋል።

«ኖራ ልቀባው ነበር ጋሼ።»

«ብትቀባው ኖሮ ደጄን አትረግጥም ነበር።»

ከመሳቢያ ወረቀት አወጡ። ለካ ለእያንዳንዱ ጭምብል ማን እንደጠረበው፣ ማን እንዳጠለቀው፣ በማን እጅ እንዳለፈ ይጽፋሉ። ብዕሩን ሰጡኝ።

«እርስዎ ይጻፉት፤ ጽሕፈትዎ ያምራል።»

«ያጠብኸው አንተ ነህ።»

ጻፍሁ፦ «ስንጥቁን የዘጋ፣ የባለቤቱን ነጭ አፈር በጣና ውሃ ያጠበ፣ ሰይድ ጀልባ ሠሪው።» አነበቡት። ከጭምብሉ ጎን እንደሚሰቅሉት ብቻ ነግረውኝ ሸኙኝ።

ቅዳሜ

ይሄኔ ተማሪዎቹ ወረቀቱን እያነበቡት ነው። ጋሽ ታደለ ናም አላሉኝ፣ አትምጣም አላሉኝ። ዘሀራ ንጹሕ ሸሚዝ አውጥታ አልጋው ላይ አኑራልኛለች። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አግብቼ ተቀምጫለሁ።