ቦራ ባዶ ኮርቻውን እንዲዞር

ለክቡር አቶ ፍሥሐ ወልደ ሐዋርያት
የየካና የእንጦጦ ኮረብቶች የሽርሽር ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለወገብዎ መልካም ጤንነት ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን ለይቼ ያነሣሁት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀልኝ ሽርሽር የራሴን ካጣሁ ወዲህ የሰው ሁሉ ወገብ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ክቡርነትዎ አንድ ነገር እንዲረዱልኝ ያስፈልጋል። ጥቅምት ፲፬ ቀን እሑድ ወደ አቶ ቱሉ ዱጋሳ ለቅሶ የሄድሁት እኔ አይደለሁም። የሄደው ፈረሱ ነው። እኔ በላዩ ታስሬ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ "የመሥሪያ ቤቱን ፈረስ ለግል ኀዘን ተጠቅመዋል" ሲል የላከልኝ ማስጠንቀቂያ ይህን ልዩነት ስለዘነጋ፣ ለዘገየ ተማሪ ትምህርቱን ከመጀመሪያው መድገም የለመድሁ ሰው ነኝና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ደብዳቤዬንም በጋዜጣ ያወጣሁት፣ በእጅ ያደረስኋቸው ሁለቱ ምናልባት በሥራ ብዛት ስላልተነበቡ፣ አደባባይ የወጣውን ግን አንድ ሰው አንብቦ ይነግርዎታል በሚል ተስፋ ነው።

ከሥራ ስሰናበት የቀድሞ ተማሪዎቼ አዋጥተው አንድ የመግቢያ ወረቀት ሰጡኝ። በላዩ "የደሴት ዕረፍት፤ ለጀማሪዎች በመሪ የሚካሄድ አጭር የፈረስ ጉዞ" ይላል። ባለቤቴ ወይዘሮ ሸዋረጋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ደሴቱ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ነው አልኋት።

"ውሃ ሳይኖር?" አለች።

ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል ብዬ መለስሁላት። ላለመከራከር ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ።

አቤቱታዎቼን ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ደንቡ። ተራዬን ስጠብቅ በግድግዳው የተሰቀለውን የመንገደኞች ደንብ አነበብሁ። በሩቅ አገር ባለ በአንድ የባሕር ደሴት ለሚደረግ ሽርሽር የተጻፈ ደንብ ቃል በቃል ተተርጉሞ መሰቀሉን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ማዕበል ሲነሣ ፈረሱን ከባሕሩ ዳር እንድናርቅ፣ ዛጎል ለመልቀም ከኮርቻ እንዳንወርድ ያዝዛል። ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ባሕሩ ከእንጦጦ ምን ያህል እንደሚርቅ ብዙ ልጆች አስጠንቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን ሳናስበው ወደ የካ ሊመጣ ይችላል ብዬ አላስጠነቀቅኋቸውም። ለዚህ ቸልተኝነቴ ጽሕፈት ቤትዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደንቡ በግድግዳ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን መሪው የሚሰምጥ ሰው ቢኖር የሚወረውርለት በአየር የተነፋ ላስቲክ ዘወትር እንዲይዝ ስለሚያዝዝ፣ መሪዬ ነገሳ በአንድ እጁ የጽሕፈት ቤቱን ሰንደቅ፣ በሌላው ከመኪና ጎማ የወጣ ትልቅ ጥቁር ላስቲክ ይዞ ቀረበ። ላስቲኩ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ሰው እንዳይሰምጥ ነው፣ ጋሼ።"

የት ነው የሚሰምጠው ብዬ ብጠይቀው፣ ዘወር ብሎ ባሕር ዛፉን፣ ድንጋዩንና ደረቁን ኮረብታ አየ።

"እሱን ደንቡ አላለም" አለኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ እንዲያሰሉልኝ የምለምነው ሰው ስንት እጅ እንዳለው ነው። ሁለቱ ከተያዙ ልጓሙን የሚስበው በየትኛው ነው?

፪ኛ. ስለ ጠፍሩ። ጀማሪ እንዳይወድቅ ወገቡ በጠፍር ከኮርቻው ጋር ይታሰር፤ ማሰሪያውንም ከመሪው በቀር ማንም አይፍታ ይላል ደንቡ። ታሰርሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ደንብ አክብሩ ስል የኖርሁ ሰው በስተርጅና እምቢ ልል አልቻልሁም።

፫ኛ. ስለ ፈረሱ። ጸሐፊዎ ከፈረሶቹ ሁሉ የዋሁ ነው ብሎ የሰጠኝ ቦራ የሚባለውን፣ ግንባሩ ነጭ የሆነውን ነው። የዋህነቱን እኔም እመሰክራለሁ። ነገሳ ጠፍሩን ሲያጠብቅ "ጋሼ፣ ይህ እኮ የአቶ ቱሉ ፈረስ ነው፤ ዛሬ ደግሞ..." ብሎ ጀምሮ ነበር። ጸሐፊዎ በመስኮት ብቅ ብሎ መሪ ከመንገደኛ ጋር ስለ ፈረሱ የግል ሕይወት መነጋገር እንደማይፈቀድለት አስታወሰው። ነገሳም ወደ ጠፍሩ ተመለሰ። ዓረፍተ ነገሩ እንዲጨረስ ቢፈቀድ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባላነበቡ ነበር፤ ጸሐፊዎን ያመስግኑልኝ።

የዓረፍተ ነገሩን ቀሪ ያወቅሁት በኋላ ነው። አቶ ቱሉ ዱጋሳ ከኮተቤ በላይ ባለው ተዳፋት ይኖሩ የነበሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ በየዓመቱ በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ በቦራ ሲጋልቡ ያላየ የየካ ሰው የለም። ታመው አልጋ በያዙ ጊዜ የጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ፈረሱ ሥራ ከሚፈታ ለሽርሽር ማስፋፊያ ያገልግል፣ ሲድኑ ይመለስልዎታል ብለው ወሰዱት። አቶ ቱሉ አልዳኑም። የእኔ ሽርሽር በተቆረጠለት እሑድ ጠዋት ተቀበሩ።

የአካባቢውን ልማድ ክቡርነትዎ ከወንበርዎ ርቀት የተነሣ ካላወቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፈረሰኛ ሰው ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ይጫናል፤ የሟቹ ጦርና ጋሻ በኮርቻው ይሰቀላል፤ ከዚያም ባዶውን እየተሳበ ለቀስተኛውን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ማንም አይቀመጥበትም። ሰው የሚያለቅሰው ያንን ባዶ ኮርቻ አይቶ ነው። ያን ዕለት የአቶ ቱሉ ቤተ ሰቦች የሚያዞሩት ፈረስ ስላልነበራቸው፣ ጦርና ጋሻውን በደጃፍ በሚገኝ ግንድ ላይ አስደግፈው ያለቅሱ ነበር።

እኛ በዚያው ሰዓት በባሕር ዛፉ መካከል ዕረፍት ላይ ነበርን። ሽርሽሩ እስከዚያ ድረስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይል ነበር። ከሸለቆው የሴት ዋይታ ሲሰማ ግን ቦራ ጆሮውን አቆመ፤ ዞረ። በኋላ እንደተረዳሁት ድምፁ የአቶ ቱሉ ባለቤት የወይዘሮ ጂቱ ነበር፤ በዚያ ድምፅ ስንት ጊዜ ወደ ገብሱ እንደተጠራ ፈረሱ ያውቃል። ፈረስ ለማቆም ልጓሙን በቀስታ ስቦ በትሕትና መናገር እንደሚገባ ተምሬያለሁና በትሕትና ተናገርሁ። ምናልባት ትሕትናዬ በዝቶ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን በሶምሶማ ወረደው።

ነገሳ ከኋላ ሰንደቁንና ላስቲኩን እንደያዘ ይሮጣል። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ናቸውና አይጥላቸውም። በመጨረሻ መንገደኛው አደጋ ላይ መውደቁን አመዛዝኖ፣ ደንቡ በሚያዝዘው መሠረት ላስቲኩን ወረወረልኝ። ውርወራው እንከን የሌለው ነበር፤ በራሴ ገብቶ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በማላውቃቸው ሰው ለቅሶ ላይ በማላውቀው ፈረስ ታስሬ፣ በአንገቴ የተነፋ ላስቲክ አጥልቄ ደረስሁ።

ሕዝቡ በመጀመሪያ ያየው ቦራን ብቻ ነው። "ቦራ መጣ!" የሚለው ጩኸት በአማርኛም በኦሮምኛም ሲነሣ፣ እንኳን ዘመድ እኔም ዕንባዬ መጣ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ፈረሱ ማንም ሳይስበው ክቡን ይዞ መዞር ጀመረ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ከበበ በትራቸውን አንሥተው አብረውኝ ይራመዱ ጀመር።

"ጌታዬ፣ ይውረዱ እንጂ! ምን ዓይነት ሰው ነዎት?"

"ታስሬያለሁ" አልኋቸው።

"በምን ወንጀል?"

"ደንብ ነው።"

አቶ ከበበ ላስቲኩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ "ይህስ?" አሉኝ። ለባሕሩ ነው ብዬ መለስሁ። ከዚያ ወዲያ በትራቸውን አውርደው ከጎኔ እየተራመዱ አዞሩኝ።

አልቃሿ ወይዘሮ ደብሪቱ ግን በዚህ የሚያልፉ ሴት አይደሉም። ሙሾውን ለአፍታ አቁመው ተመለከቱኝና እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ፤

ቱሉ፣ ፈረስህ መጣ፣ እንደ ልማዱ ሰግሮ፤
አንተን ያጣ ጊዜ፣ ሌላ ሽማግሌ አስሮ።

ቤት የሚመታ፣ እውነትም የሆነ ግጥም ነውና ቀይ እርሳሴ የሚነካው ጉድለት አላገኘሁበትም። ከለቀስተኛው ግማሹ ሳቀ፤ በለቅሶ ላይ መሳቁም አናድዶት እንደ ገና አለቀሰ። ወይዘሮ ጂቱ ብቻ አልሳቁም። ሦስተኛው ዙር ሲያበቃ ቦራ በፊታቸው ቆመ። እሳቸውም ግንባራቸውን አንገቱ ላይ አስደግፈው በኦሮምኛ ብዙ ነገር ነገሩት። እኔ ከላይ ሆኜ ወዴት እንደምመለከት አላወቅሁም። ክቡርነትዎ፣ በሰው ኀዘን መካከል እንደ ጉልቻ ተጎልቶ የሚሄድበት ማጣት ምን እንደሆነ እንዲያውቁት አልመኝልዎትም፤ ወይም ምናልባት እመኝልዎታለሁ።

፬ኛ. ስለ ሰዓቱ። ነገሳ ደርሶ ፈታኝ። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተማከሩ። ሰው ተቀምጦበት የዞረ ፈረስ እንዳልዞረ ይቆጠራል፤ ሕዝቡ ያየው የቱሉን ባዶ ቦታ ሳይሆን መምህሩን ነው፤ ስለዚህ አሁኑኑ ባዶውን እንደ ገና ይዙር አሉ። ጦሩና ጋሻው ከግንዱ ተነሥቶ ወደ ኮርቻው ሲቀርብ፣ የጽሕፈት ቤትዎ መኪና መጣ። ከመኪናው የወረዱት ሰው የእጅ ሰዓታቸውን አሳይተው ግማሽ ሰዓቱ ማለቁን፣ የጀማሪዎች ሽርሽር ከዚያ እንደማያልፍ ነገሩን። ወይዘሮ ጂቱ የያዙትን ልጓም እንኳ ሳይለቁ፣ ሰውየው ፈረሱን ነድተው ወሰዱት።

፭ኛ. ስለ መልስዎ። ወይዘሮ ጂቱ ፈረሱ በአርባው ቀን መጥቶ የጎደለውን ዙር ይፈጽም ዘንድ ቢያመለክቱ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በማኅተም ሲመልስ፣ ፈረሱ የሚመለሰው ባለቤቱ ሲድኑ ነው ስለተባለ፣ ባለቤቱም ስላልዳኑ፣ የመመለሻው ሁኔታ አልተሟላም ብሏል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ደግሜ አነበብሁት። ጥፋት የለበትም። ከዚህ ዓይነት እንከን የለሽ ዓረፍተ ነገር ተማሪዎቼን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልኝ ብቻ ጸለይሁ።

በዚህም ሳይበቃ ቦራ ከመንገድ የሚወጣ ጠባየ ብልሹ ፈረስ ተብሎ፣ ኅዳር ፳ ቀን ሰኞ በጭነት መኪና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ተወስዶ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በዚያ ባለ ደሴት ላይ ለሚከፍተው አዲስ ሽርሽር እንዲመደብ መወሰኑን ሰማሁ። ምክንያቱ በውሃ በተከበበ ስፍራ ለቅሶ አይገኝም የሚል ነው። በደሴትም ሰው እንደሚሞት ለክቡርነትዎ ማስታወስ ግዴታዬ ነው። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ደንባችሁ የሚስማማው ደሴት በማግኘታችሁ ደስታዬን እገልጻለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። የአቶ ቱሉ አርባ ኅዳር ፳፫ ቀን ሐሙስ ነው፤ መኪናው ግን ሰኞ ይነሣል። ዙሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያሰረኝም ጽሕፈት ቤትዎ ነው። ወይዘሮ ጂቱ በመንገድ ሲያገኙኝ "ለፈረሱ መልስ መጣ?" ብቻ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ዐርባ ዓመት መልስ ስጠይቅ የኖርሁ ሰው መልስ አጥቼ አቀረቅራለሁ። ቦራ ያን ቀን ወደ ቤቱ ይምጣ፤ ባዶ ኮርቻውን ሦስት ጊዜ ይዙር። ልጓሙን ነገሳ በሁለት እጁ ይይዛል። እኔ ደግሞ በእግሬ እቆማለሁ።

ላሳዩኝ ያልጠበቅሁት ኮረብታ፣ ላስተዋወቁኝ ያላሰብኋቸው ዘመዶችና ስለ ጤንነቴ ላደረጉት ጥንቃቄ ሁሉ፣ ወገቤ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ይኸውም ብዙ ዝቅ ማለት አይደለም።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ አንድ ጊዜ የታሰረ፣ ዳግመኛ የማይታሰር፣
ፀሐዬ ወልደ ኢየሱስ
ጡረታ የወጣ መምህር
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ላስቲኩ እስካሁን በእኔ ቤት ይገኛል፤ አየሩም አልወጣም። ለደሴቱ ሥራ እንደሚያስፈልግዎ አውቃለሁ፤ ለቦራ ግን አያስፈልገውም። ነገሳ እንደነገረኝ አቶ ቱሉ ክረምት ክረምት የሞላ ወንዝ የሚሻገሩት በእሱ ላይ ሆነው ነበርና፣ የዝዋይን ውሃ ዋኝቶ ወደ ወይዘሮ ጂቱ ደጅ የሚመለስበትን ቀን የየካ ሰው ከወዲሁ እየጠበቀ ነው። ያን ቀን በጀርባው ላይ የታሰረው ጀማሪ ማን እንደሚሆን አላውቅም፤ ክቡርነትዎ ሥራውን ለመመረቅ መጀመሪያ እንደሚቀመጡበት ግን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለእርስዎም፣ ለእኛም፣ መኪናው ሳይነሣ ከሰኞ በፊት እባክዎ ፈጥነው ይመልሱልኝ።