በአርብ ገበያ ነጩን ጨርቅ ስላሰቀሉት ስለ አቶ ተሻገር ኃይለ ሚካኤል ዕረፍት

የአርብ ገበያ እህል ነጋዴዎች ማኅበር የቀድሞ ሊቀመንበሩ አቶ ተሻገር ኃይለ ሚካኤል ባደረባቸው ሕመም ማክሰኞ የካቲት 4 ቀን 2006 ዓ.ም. በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለገበያው ሕዝብ በታላቅ ሐዘን ያሳውቃል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በደብራቸው ተፈጽሟል።

አቶ ተሻገር ንግድ የጀመሩት በ1984 ዓ.ም. ነው። ከአርብ ገበያ እስከ ንፋስ መውጫ ገብስና ባቄላ በአህያ ሲያመላልሱ ቆይተው፣ በ1993 ዓ.ም. የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ።

በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ ሲቀር፣ ከሩቅ የመጡ መኪናዎች ገበያው ሳይሞቅ እህሉን ጭነው ይሄዱ ነበር። በጣሳ የሚሸምተው ቤተሰብ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። አቶ ተሻገር በእህል ተራው ወይራ ላይ ነጭ ጨርቅ እንዲሰቀል፣ በጣሳ የሚሸምተው ሸምቶ ጨርቁ እስኪወርድም ማንም ነጋዴ በኩንታል እንዳይገዛ ወሰኑ። ውሳኔው አባላቱን አስቆጥቶ ነበር። "ተሻገር ነጋዴ ነው ወይስ የንስሐ አባት?" ብለው የተሳለቁባቸው ሰዎች ዛሬ ይህን መግለጫ ካጸደቁት መካከል ይገኛሉ።

በነሐሴ 1996 ዓ.ም. ግን ተሳሳቱ። ወንዙ ስለሞላ የቆላው ሸማች አይመጣም ብለው ጨርቁን በረፋዱ አወረዱ። የቆላ ሰዎች በላይኛው መሻገሪያ ዞረው ከቀትር በኋላ ሲደርሱ እህል ተራው ተጠርጎ ነበር። "ለልጆቻችን ምን ይዘን እንግባ?" እያሉ ባዶ ጆንያቸውን ይዘው ተመለሱ።

በቀጣዩ ጉባኤ አቶ ተሻገር ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አስመዘገቡ። ቃለ ጉባኤው ንግግራቸውን እንዲህ ይዟል፦ "ጨርቁን ያወረደው የጠገበ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ጆንያው ባዶ የሆነበት ሰው ያውርደው።" ሥልጣኑ ከሊቀመንበሩ ተነሥቶ ሸማቾች ለሚመርጡት ሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁን የሚያወርዱት፣ በዚያ ቀን ባዶ ጆንያ ይዘው ከተመለሱት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ ታንጉት ዋሴ ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. አባላት እንደገና ሊመርጧቸው ሲሉ አልተቀበሉም። ተራ አባል ሆነው፣ እንደማንኛችንም ሚዛናቸውን ሸፍነው ጨርቁ እስኪወርድ ይጠብቁ ነበር።

ከቀብር መልስ አንዳንድ አባላት የጨርቁ ደንብ ከአቶ ተሻገር ጋር እንዲያበቃ ጠይቀዋል። ዘንድሮ እህሉ በቂ ነው የሚለው ምክንያታቸው ተሰምቷል። ማኅበሩ ግን አልተቀበለውም። ደንቡ የተሠራው ለክፉ ቀን ነው፤ በጥጋብ የጣልነውን በክፉ ቀን ማንም አንሥቶ አይሰጠንም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የትናየት ደሴ፣ ለልጆቻቸውና አብረዋቸው ለነገዱ ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን።

የፊታችን አርብ የካቲት 7 ቀን ነጩ ጨርቅ እንደወትሮው ይሰቀላል። አቶ ተሻገር ይቆሙበት የነበረው ቦታ ክፍት ይቆያል። ወይዘሮ ታንጉት ጨርቁን እስኪያወርዱ ድረስ ማንኛውም አባል የሚዛኑን መሸፈኛ አያነሣም።

የአርብ ገበያ እህል ነጋዴዎች ማኅበር
የካቲት 5 ቀን 2006 ዓ.ም.