የደጃፋችን ድንጋይ

ጎባ፣ ሰኞ ሰኔ ፬ ቀን

ከእኔ በፊት እዚህ ቤት የነበረው ወታደር ደፍ ያደረገው ድንጋይ ሰው ተቀርጾበታል። ፊቱ ወደ ላይ ነው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እረግጠዋለሁ፤ እሱም ያየኛል።

ዛሬ የግብር ማር ያመጡት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱፋ፣ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙና "አካም ቡልቴ?" አሉ። እንዴት አደርክ ማለት መሆኑን አውቃለሁና "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ። እርጥብ ሳር ነጭተው ድንጋዩ ደረት ላይ አኖሩ።

"ጀግናችሁ ነበር? ስንት ገደለ?" አልኳቸው።

"ማንንም አልገደለም። ሆራ ጠራጊ ነበር። ከብቱ እስከ ዛሬ የሆራውን ጨው ውሃ የሚጠጣው እሱ ከቆፈረው ነው።"

ማሩን ውጭ አስቀምጠው ሄዱ። ደፉን አልተሻገሩም።

አመሻሽ ላይ ልገባ ስል ሳሩ በሌላ ትኩስ ሳር ተተክቷል። "ማነው ደግሞ እዚህ የመጣው?" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ነኝ" አለች ሚስቴ ከውስጥ። "የእኛስ ላም የምትጠጣው የማንን ውሃ ነው?"

ልገባ እግሬን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ይኸው ደጅ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ብርዱም ጠንቷል። ቤቱ ሌላ በር የለውም።